«ምንም አይፈጠርም» የተባለው ፊልም፦ ከአምስት የአየርላንድ የቤተሰብ ድራማዎች የትኛውን ልክፈት?

«ዘ ኳየት ገርል»ን ያየነው አራት ሆነን ነው። ሲያልቅ እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ባሏ ስልኩ ላይ የኳስ ውጤት ያያል። ጓደኛዬ ሶፋው ላይ ተጋድማ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ደግሞ የመጨረሻዋ ቃል ለማን እንደተባለች ስላልገባኝ ሪሞቱን ይዤ ወደኋላ እመልሳለሁ። ከዚያ ክርክሩ ጀመረ። ፊልሙ 95 ደቂቃ ነው፤ ክርክሩ ከዚያ በለጠ።

«ምን ሆነና ነው የምታለቅሺው?» አለ የእህቴ ባል። «አንዲት ልጅ ዘመድ ቤት ሄደች፣ ውኃ ቀዳች፣ በረት ጠረገች፣ ተመለሰች። ምንም አልተፈጠረም እኮ!»

«ምንም ካልተፈጠረ እኔ ምን ሆኜ ነው ታዲያ?» አለችው።

ይሄ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። ፊልሙን ያየ ሰው ባብዛኛው እንዲህ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ደጋግሞ አይቶት አይጠግበውም፣ ግማሹ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው መድኃኒት ነው ይላል። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ከዚያው አገር የመጡ ሌሎች የቤተሰብ ድራማዎችን እየፈለግኩ ማየት ጀመርኩ፤ ሁሉም ላይ ሰው ተከፋፍሏል፣ ግን የተከፋፈለበት ምክንያት በየፊልሙ ሌላ ነው። «የትኛውን ልይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይሄን የምጽፈው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልም ለመምረጥ ሙገሳ አታንብቡ። ሙገሳው ለሁሉም አንድ ነው፦ «ልብ ይነካል»፣ «ትወናው ድንቅ ነው»፣ «አስለቀሰኝ»። ከዚህ ተነስታችሁ አንዱን ከሌላው መለየት አትችሉም። ቅሬታውን አንብቡ። አንዱ «ምንም አይፈጠርም» ይላል፣ ሌላው «ለምን ዘመዷ ጋ አትሄድም?»፣ ሌላው «መጨረሻው አናደደኝ»፣ ሌላው «ለማስለቀስ ሲሉ የሠሩት ነው»። ፊልሙ ምን ዓይነት እንደሆነ በትክክል የሚነግራችሁ ተናዳጁ ሰው ነው። እናንተ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄ ሰውዬ የተናደደበት ነገር እኔንም ያናድደኛል ወይስ ጭራሽ የምፈልገው እሱን ነው?

ከመጀመሬ በፊት፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ አምስቱም በገንዘብ እኩል ትንሽ አይደሉም። ሁለቱ ትልልቅ ስም ያላቸው ተዋንያን አሉባቸው። ትንሽ የምላቸው ታሪካቸው ከአንድ ቤት፣ ከአንድ መኪና ወይም ከአንድ ትንሽ ከተማ ስለማይወጣ ነው።

የብስኩቷ ፈተና

«ዘ ኳየት ገርል» የ2022 ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኮልም ባሬድ ይባላል። መነሻው ክሌር ኪገን የጻፈችው «ፎስተር» የሚባል አጭር ልብ ወለድ ነው። ጊዜው 1981፣ ቦታው የአየርላንድ ገጠር። ኮይት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው በልጅ የተሞላ ነው፣ እናቷ ደግሞ ሌላ አርግዛለች፣ አባቷ ይጠጣል፣ ቁማር ይጫወታል። ስለዚህ ልጅቷን ለእረፍቱ ወራት ወደ እናቷ ዘመድ ይልኳታል። ይሄን ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም። «አክስትሽ ጋ ሄደሽ ትንሽ ቆዪ» የተባለ ሰው በየቤቱ አለ። ማንም ልጁን አይጠይቀውም፤ ልጁም አይጠይቅም።

የሄደችበት ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ሴትየዋ ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ሰውየው ግን መጀመሪያ ላይ ፊት አይሰጣትም። ከዚያ አንድ ቀን በአጠገቧ ሲያልፍ አንዲት ብስኩት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ምንም ሳይል ይወጣል።

በቃ። ያቺ ብስኩት የፊልሙ ትልቁ «ድርጊት» ናት ማለት ይቻላል።

እኔ ይህን የብስኩቷ ፈተና እለዋለሁ። ያን ስታዩ ደረታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ከተንቀሳቀሰ ቀሪው ፊልም የእናንተ ነው። «እሺ፣ ብስኩት አስቀመጠ፣ ከዚያስ?» ካላችሁ ዝጉት፣ ምንም አይመጣላችሁም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። የእህቴን ባል የምፈርድበት አይደለሁም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ነው የሚገባው፤ ፊልም ደግሞ አንድ ነገር እንዲያደርግለት ይጠብቃል። ይሄኛው ምንም አያደርግልህም፤ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል።

ከዝግታው ሌላ ሁለት ቅሬታ አለ። አንደኛው ስክሪኑ ነው። ምስሉ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን አራት ማዕዘን ሆኖ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ብዙ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፣ ሆን ተብሎ ነው፤ ልጅቷ የምታየው ዓለም ጠባብ ስለሆነ እኛም በጠባቡ እንድናይ ነው። እባካችሁ ለመሙላት ብላችሁ አታጉሉት፣ የሰዎቹ ጭንቅላት ይቆረጣል። ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ፊልሙ በአብዛኛው በአይሪሽ ነው፣ እንግሊዝኛው ከታች በጽሑፍ ይመጣል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አየርላንድ ውስጥ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ አይሪሽ የሚናገረው ሰው 72 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ማለትም ለብዙዎቹ አየርላንዳውያን ራሳቸው ይሄ ፊልም ጽሑፍ እየተነበበ የሚታይ ነው። በአይሪሽ ቋንቋ ተሠርቶ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ በመታጨት የመጀመሪያው እሱ ሆነ፤ በ2023 በጀርመኑ «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» ተሸነፈ። ኳየት በኳየት ተበላ ማለት ነው።

አንዲት የራሴ ቅሬታ፦ ክፉው አባት እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ደጎቹ አይሪሽ ይናገራሉ። ይሄ ትንሽ በዛብኝ። ቋንቋው ሳይነግረኝም ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

አሁን ስለ መጨረሻው ነው፣ ያላያችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉ። ልጅቷ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። ያመጧት ባልና ሚስት መኪናቸውን አስነስተው ሲሄዱ ሮጣ ትከተላቸዋለች፣ ሰውየው ላይ ትጠመጠማለች። በትከሻው በኩል የወለዳት አባቷ ወደ እሷ ሲመጣ ታያለች። ከዚያ «አባዬ» ትላለች፣ ደግማ «አባዬ»። ፊልሙ አለቀ። ለማን ነው? መጣብህ ብላ ማስጠንቀቋ ነው? ወይስ ያቀፈችውን ሰው አባቴ አለችው? የመጀመሪያዋ ለአንዱ፣ ሁለተኛዋ ለሌላው ነው የሚሉም አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የእኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ ሰውየውን ወራቱን ሁሉ «ጋሼ» ስትለው ትከርምና በመጨረሻ «አባዬ» ስትለው ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይወድቅ ነበር። እዚህ ግን አይታወቅም። የተኛችው ጓደኛዬ ያኔ ነቅታ «ተመለሰች ወይስ እነሱ ጋ ቀረች?» ብላ ጠየቀች። እህቴና ባሏ እኩል አፍ መለሱላት። አንዱ «ተመለሰች» አለ፣ አንዷ «ቀረች» አለች።

ቤት የሌላቸው ሁለት እናቶች

ዝምታ ካልሆነላችሁ ከገጠር ወደ ደብሊን እንውረድ። «ሮዚ» እና «ሄርሰልፍ» እርስ በርስ የሚወዳደሩ ፊልሞች ናቸው። ሁለቱም ስለ እናት ናቸው፣ ሁለቱም ልጆቿን ይዛ የምታድርበት ስላጣች ሴት ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ እኔ ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ስሜት ነው የሰጡኝ።

«ሮዚ» የ2018 ነው። ዳይሬክተሩ ፓዲ ብራናክ፣ ጸሐፊው ሮዲ ዶይል። ዶይል ሐሳቡን ያገኘው ሬዲዮ ላይ አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ የሆቴል ክፍል ስትፈልግ እንደምትውል ስትናገር ሰምቶ ነው። አከራያቸው ቤቱን ሸጠው፣ አራት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ወጡ። ሰካራም የለም፣ ሥራ ፈት የለም። ባልየው ምግብ ቤት ይሠራል። ፊልሙ በ36 ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሮዚ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ሆቴል ለሆቴል ትደውላለች። የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ግን ክፍል አለ የሚል ሆቴል መገኘት አለበት። ደውላ፣ ስሟን ተናግራ፣ ጠብቃ፣ «የለም» ትባላለች። ሌላ ቁጥር። «የለም»። በዚህ መሀል ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ አለ፣ ከትምህርት ቤት ማውጣት አለ፣ መምህሯ እንዳታውቅ መደበቅ አለ።

ቅሬታው ምንድን ነው? «ጭንቀት ብቻ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። 86 ደቂቃ ነው ግን ሦስት ሰዓት ይመስላል፣ ይሄን የምለው እያመሰገንኩት ነው። ካሜራው ከሴትየዋ ፊት አይርቅም። ሙዚቃ አያባብላችሁም።

ሌላው ቅሬታ ግን የኛ ሰው በተለይ የሚያነሳው ነው፦ «እናቷ አለች አይደል? ለምን እናቷ ጋ አትሄድም?» እኔም አልኩት። ዘመድ እያለ መኪና ውስጥ ማደር ለእኛ አይዋጥልንም። ፊልሙ መልሱን በአንዲት አጭር ትዕይንት ይሰጣል፣ ዓይናችሁን ካነሳችሁ ያመልጣችኋል። ሮዚ ስለ አባቷ የተናገረችው ነገር አለ፤ እናቷ በሯን የምትከፍተው ያንን ቃሏን ከመለሰች ብቻ ነው። ዝርዝሩን አልጨምርም። ግን ያን ትዕይንት ካየሁ በኋላ «ዘመድ የለም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ድሮው በቀላሉ አልወረውረውም።

«ሄርሰልፍ» የ2020 ነው። ዳይሬክተሯ ፊሊዳ ሎይድ ናት። አዎ፣ ያው «ማማ ሚያ!»ን የሠራችው። ዋና ተዋናይዋ ክሌር ደን ናት፣ ድርሰቱንም ከሌላ ጸሐፊ ጋር የጻፈችው እሷው ናት። ሳንድራ የሚደበድባትን ባሏን ጥላ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ሆቴል ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፣ የመኖሪያ ቤት ወረፋው አይደርስም። ከዚያ አንድ ቀን በ35 ሺህ ዩሮ በራስ እጅ ስለሚሠራ ቤት ኢንተርኔት ላይ ታያለች። ሳንድራ ቤቷን እየሄደች የምታጸዳላት ሴትዮ ጓሮዋን ትሰጣታለች፣ አንድ ግንበኛ ተለምኖ ይመጣል፣ አንዱ አንዱን እየጠራ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይሰበሰባል።

ይሄ ደቦ ነው። አየርላንዳውያንም ቃል አላቸው፣ «ሜሃል» ይሉታል፤ ድሮ ገበሬዎች አጨዳ ሲደርስ ተራ በተራ የሚረዳዱበት ነው። እኔ የፊልሙን መሀል የወደድኩት በዚህ ነው። ያ ሁሉ ሰው ምሰሶ ሲያነሳ ሳይ ቁጭ ብዬ ፈገግ ብያለሁ።

እዚህ ነው ሰው የሚጣላው። ግማሹ «አጣፈጡት» ይላል፦ ሁሉም ሰው ደግ፣ ሙዚቃው ከፍ፣ መሬት በስጦታ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የት ይገኛል? ሌላው ግማሽ ደግሞ በተቃራኒው በመጨረሻው አካባቢ በሚደርሰው ነገር ይናደዳል፣ «ተስፋ ሰጥታችሁን እንዴት እንዲህ ታደርጉናላችሁ» ይላል። አስቡት፣ ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ለአንዱ በጣም ጣፋጭ፣ ለሌላው በጣም ጨካኝ። እኔ መጨረሻውን እቀበለዋለሁ። ያቺ ሴት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ሸሽታ ሁሉ ነገር ሰላም ሆኖ ቢያልቅ ነበር ውሸት የሚሆነው። የጣፈጠው ክፍል ግን እውነትም ጣፍጧል፣ አልከራከርም።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። የ«ሄርሰልፍ» ጅማሬ ላይ ድብደባ አለ፣ ከባድ ነው፣ በኋላም በትዝታ ይመላለሳል። ያለፈበት ሰው አጠገባችሁ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። «ሮዚ» ላይ ዱላ የለም፣ ግን የቤት ኪራይ ውላችሁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀራችሁ ከሆነ እሱንም አትክፈቱት። እኔ በዚያ ሰሞን ነው ያየሁት። ሌሊቱን ስለ ደላላ ሳስብ አደርኩ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ «ሮዚ» ይበልጣል። ለሰው የምጋብዘው ግን «ሄርሰልፍ»ን ነው። ለምን እንደሆነ አንዱን ካያችሁ ይገባችኋል።

ለማስለቀስ የተሠራ ነው የሚባለው

«ኢን አሜሪካ» ከሁሉም የቆየ ነው፣ 2002። ጂም ሸሪዳን ነው ዳይሬክተሩ፣ ከሁለት ሴት ልጆቹ ከናኦሚና ከክርስተን ጋር ጻፈው። አየርላንዳዊ ቤተሰብ በካናዳ በኩል «ለሽርሽር ነው» ብሎ አሜሪካ ይገባል፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፈራረሰ ሕንፃ ላይ ይኖራል። አባት ተዋናይ መሆን ይፈልጋል፣ እስከዚያው ታክሲ ይነዳል። እናት አይስክሬም ቤት ትሠራለች። ወንድ ልጃቸው ሞቶባቸዋል፤ ማንም በግልጽ አያነሳውም። ሸሪዳን ፊልሙን በልጅነቱ ለሞተው ወንድሙ ለፍራንኪ መታሰቢያ አድርጎታል፤ በፊልሙም የሞተው ልጅ ስም ፍራንኪ ነው።

ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ከተማ ታክሲ የነዳችሁ፣ የልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ከእናንተ ቀድሞ ሲሄድ የታዘባችሁ፣ ይሄ ፊልም እናንተን ያውቃችኋል። ሙቀት ሲበረታባቸው አባትየው አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ ከመንገድ እየጎተተ ያንን ሁሉ ደረጃ ይወጣል። ሲሰካው ሶኬቱ አይገጥምም። እዚያ ላይ የሳቀ ሰው በስደት ኖሮ ያውቃል ማለት ነው።

የዚህ ፊልም ፈተና ደግሞ አሻንጉሊቷ ናት። ባዛር ላይ አባትየው ለትንሿ ልጁ አሻንጉሊት ለማሸነፍ ኳስ መወርወር ይጀምራል። ይስታል። ገንዘቡን እጥፍ ያደርጋል። ይስታል። የቤት ኪራዩን ያወጣል። ያኔ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ «በላት!» ካላችሁ ፊልሙ ይዟችኋል። «ይሄ ደደብ፣ የልጆቹን ኪራይ!» ብላችሁ ከተናደዳችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከሰውየው ጋር አትታረቁም። እናቴ አልታረቀችም።

ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ታች ቤት የሚኖር ማቴዎ የሚባል አፍሪካዊ ሠዓሊ አለ፣ ታሟል፣ ይጮሃል፣ ሁሉም ይፈሩታል። ልጆቹ በሩን ያንኳኳሉ፣ ከዚያ ለቤተሰቡ እንደ መልአክ ይሆናል። የተጫወተው የቤኒን ተወላጁ ጂሞን ሁንሱ ነው፣ ለኦስካርም ታጭቶበታል። «አፍሪካዊው ለምንድን ነው ሁሌ ነጮቹን ለማዳን የሚሞተው?» የሚል ተመልካች አለ፤ እኔም ተመልካቹ ትክክል ነው እላለሁ። ማቴዎ ከየት መጣ፣ እናቱ ማን ናት፣ ማን ያለቅስለታል፣ አናውቅም። ሁንሱ በዓይኑ ብቻ ጽሑፉ ያልሰጠውን ሕይወት ይሰጠዋል እንጂ ድርሰቱ ላይ የለም። ይሄን እያወቅኩ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በራሴ ትንሽ ተናድጃለሁ።

(በነገራችን ላይ የአየርላንድ ፊልም ውስጥ የኛ ደም ያለው ሰው ከፈለጋችሁ ሩት ነጋ አለች። አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት፣ ያደገችው ሊመሪክ ነው። ከነዚህ ከአምስቱ አንዱም ላይ የለችም፣ አትፈልጓት።)

ሌላኛው ዝምታ

«ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ» የ2024 ነው፣ ከኪሊያን መርፊ ጋር። ዳይሬክተሩ ቤልጅማዊው ቲም ሚላንትስ ነው። መነሻው እንደ «ዘ ኳየት ገርል» የክሌር ኪገን መጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ «አንዱን ከወደድኩ ሌላውንም እወዳለሁ» ብሎ የሚገባ ብዙ ነው። ተጠንቀቁ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ግን ዝምታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ዝምታ ውስጥ ልጅ ታርፋለች። የሁለተኛው ዝምታ ፍርሃት ነው።

1985፣ የገና ሰሞን፣ ኒው ሮስ የምትባል ከተማ። ቢል ፈርሎንግ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነው፣ አምስት ሴት ልጆች አሉት። ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ ጥቁሩን ከእጁ ለማስለቀቅ ፈትጎ ፈትጎ ይታጠባል። አንድ ቀን ከሰል ሊያደርስ ወደ መነኮሳቱ ገዳም ሄዶ አንዲት ወጣት ከሰል ማከማቻው ውስጥ ተቆልፎባት ያገኛል። እነዚህ የመግደለን ልብስ ማጠቢያ ቤቶች የሚባሉት ናቸው፤ ያለ ባል ያረገዙና ሌሎችም «አስቸጋሪ» የተባሉ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሠሩባቸው። የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው፤ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2013። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሚስቱ ደግሞ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የራሳችንን ልጆች እናስብ ነው የምትለው። ልጆቹ የሚማሩት የነዚያው መነኮሳት ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ያለው ቅሬታ ሦስት ነው። ጨለማ ነው፣ ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፣ መጨረሻው ድንገት ተቆረጠ። ጨለማው እውነት ነው፤ ቀን ላይ መጋረጃ ሳትዘጉ ብታዩት ግማሹን አታዩትም። ማጉረምረሙም እውነት ነው። መጨረሻውን በተመለከተ ግን አልስማማም። ፊልሙ የቆመው ሰውየው ከወሰነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን፣ ጎረቤቱን፣ ገበያውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን መገመት እንችላለን፤ የምናውቀው ነገር ነው። ኤሚሊ ዋትሰን የገዳሙን አለቃ ሆና ለሻይ የምትጋብዘው ትዕይንት አለ። ድምፅ አታነሳም፣ አትቆጣም፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ትጨምራለች። ለእኔ ከአምስቱም ፊልም በጣም አስፈሪው ደቂቃ እሱ ነው። ዋትሰን በዚህ ሥራዋ በርሊን ላይ ለምርጥ ረዳት ትወና የብር ድብ ተሸልማለች።

«ኦፐንሃይመር»ን አይታችሁ መርፊን ፍለጋ ከመጣችሁ ግን ሰውየው እዚህ ብዙም አያወራም። አፉን ሳይሆን ትከሻውን ነው የምታዩት።

እና ዛሬ ማታ?

ከእናታችሁ ጋር ከሆነ «ዘ ኳየት ገርል»። ልጅ አሳድጋ የምታውቅ ሴት ያቺ ብስኩት አታመልጣትም። ጽሑፉን ማንበብ ካስቸገራት አጠገቧ ሆናችሁ ትንሽ ትንሽ አስረዷት፣ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ አያደክምም።

ብዙ ሆናችሁ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ከሆነ «ኢን አሜሪካ»። ቢቋረጥም ይያያዛል። ልጆች ካሉ ግን የሚያምሩት ሁለት ሕፃናት አያታልሏችሁ፣ ስለ ሞትና ስለ በሽታ ብዙ ያወራል፣ የአዋቂ ትዕይንትም አለው። «ዘ ኳየት ገርል»ም ሕፃን ስላለበት የሕፃን ፊልም አይደለም፤ ልጅ ቢያየው የሚያስደነግጠው የለም፣ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተነስቶ ይሄዳል።

ብቻችሁን፣ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ ከሆነ «ስሞል ቲንግስ»። ስለ ፊልሙ በኋላ መከራከር የሚወድ ሰው አጠገባችሁ ካለ «ሄርሰልፍ»፤ በመጨረሻው ትዕይንት ተጣልታችሁ ታመሻላችሁ። «ሮዚ»ን መቼ እንደምታዩት አላውቅም። ለእሱ ጥሩ ቀን የለውም። ግን እዩት።

አንዲት ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ ጎበዝ ነን ብላችሁ የደብሊኖቹን ያለ ሰብታይትል አትጀምሩ። የሮዚ ልጆች መኪና ውስጥ አራቱም በአንድ ላይ ሲያወሩ እኔ የሰማሁት «ማም» የሚለውን ብቻ ነው።

ደግሞ አምስቱን በአንድ ሳምንት አትዩ። እኔ ይሄን ለመጻፍ ብዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው አንድ አንድ ደግሜ አየሁ። ቅዳሜ የእህቴ ባል መጥቶ «ዛሬስ ምን እናያለን?» ሲለኝ ሪሞቱን ሰጠሁት። የህንድ ፊልም ከፈተ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሰባት ሰው ተደበደበ፣ ቤቱ የተቃጠለው እናቴ ፈንዲሻውን ይዛ ሳትቀመጥ ነው።